የአእምሮ መድኃኒቱን ከካንሰር ሐኪሙ አትደብቁ

ዛሬ ትንሽ ጠንከር ያለ ነገር ልናገር ነው።

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በሺንሺቾ የተለመደ ነገር አለ። ታካሚው ለካንሰር ሕክምና ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ሐዋሳ ሪፈር ሲባል ቤተሰብ የባዮፕሲውን፣ የአልትራሳውንዱን፣ የደም ምርመራውን ወረቀት ሁሉ በፌስታል ጠቅልሎ ይይዛል። ለዓመታት ሲወስደው የኖረው የአእምሮ መድኃኒት ግን ቤት ይቀራል፤ ወይ ቦርሳ ጥግ ተደብቆ ይሄዳል። "እብድ ነው እንዳይሉት" ነው ነገሩ። እኔ ደግሞ ይሄ መደበቅ ልብ ላይ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል እላለሁ።

ሊቲየምን እንውሰድ። ስሜቱ አንዴ ከልክ በላይ ከፍ፣ አንዴ ደግሞ ዝቅ ለሚልበት ሰው (ባይፖላር የምንለው) የሚሰጥ ነባር መድኃኒት ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ ጥቅሙን የጻፈው በ1949 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። እኛ አገር ሁሌ አይገኝም፤ የደም መጠኑን የሚለካ ላቦራቶሪም እንደዚያው። ሕመሙ ግን ሩቅ አይደለም። ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ በምናልፍባት ቡታጅራ ተመራማሪዎች ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት ጠይቀው ነበር፤ ባይፖላር ከተገኘባቸው አብዛኞቹ ሕክምና አይተው አያውቁም።

ሊቲየም ከካንሰር ጋር የቆየ ታሪክ አለው። ነጭ የደም ሴልን ስለሚጨምር በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ኬሞ የሚወስዱ ሰዎች ኢንፌክሽን እንዳይዛቸው ተብሎ ይሰጥ ነበር። በ1984 ግን አሜሪካውያን ሐኪሞች ሊቲየም በወሰዱ የካንሰር ታካሚዎች ላይ ስላዩት ድንገተኛ ሞት ጽፈው አስጠነቀቁ። ዛሬ ለነጭ ደም ሴል የተሻለ መርፌ አለ። ለባይፖላሩ ሲል ሊቲየም የሚወስድ ሰው ካንሰር ሲይዘውስ? ጥያቄው እዚህ ላይ ነው።

ሊቲየም የልብን ምት የሚያስጀምረውን ቦታ ሊያዘገይ ይችላል። በትክክለኛው መጠን ብዙ ሰው ምንም አይሆንም። ችግሩ መጠኑ ጠባብ መሆኑ ነው፦ በደም ውስጥ ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል በሊትር ጥሩ ነው፣ ከ1.5 በላይ ሲሆን መርዝ መሆን ይጀምራል። ኩላሊት ደግሞ ሊቲየምን ከጨው ብዙም አይለየውም። ሰውነት ውሃና ጨው ሲያጥረው ኩላሊት ጨው ለማስቀረት ይታገላል፤ ሊቲየሙንም አብሮ ያስቀረዋል።

እንግዲህ ኬሞ የጀመረ ሰው አስቡ። ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ምግብ አይበላም። ሲስፕላቲን ከሆነ ኩላሊቱም ሊጎዳ ይችላል። ለሕመሙ ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይገዛለታል፤ ሁለቱም ሊቲየምን ከፍ ያደርጋሉ። ለማስመለሱ የሚሰጠው ኦንዳንሴትሮን የልብን የኤሌክትሪክ ዑደት ያስረዝማል፤ ሃሎፔሪዶልም እንዲሁ። ዶክሶሩቢሲን የልብ ጡንቻን ያደክማል። ካንሰር ሐኪሙ እነዚህን ሁሉ የሚያዘው ሊቲየሙ መኖሩን ሳያውቅ ነው!

ሌላም አለ። እኛ ጋ ሰው ሲታመም ጾም ጸሎት ይያዛል፤ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ቀን ያለ ውሃ። ጸሎቱን ማንም አይከለክልም። ሊቲየም የሚወስደው ታካሚ ግን ውሃ ይጠጣ፤ ጾሙን ዘመድ ይያዝለት። ፓስተሮቻችን ይህን ቢያውቁት ከእኔ ፖስት የበለጠ ሰው ይሰማቸዋል።

ቤተሰብን ብቻ መውቀስ ግን ልክ አይመስለኝም። ሪፈር ሲጻፍ "ግፊት አለህ? ስኳር አለህ?" ይባልና ጥያቄው እዚያ ያበቃል። "የእንቅልፍ ወይም የጭንቀት፣ የአእምሮ መድኃኒት ትወስዳለህ?" የሚል አንድ መስመር ቢጨመር ምን ይጎድላል? ኢሲጂም እኮ ውድ ምርመራ አይደለም፤ ሊቲየም ለሚወስድ ሰው ከመጀመሪያው ኬሞ በፊት ይነሳለት ባይ ነኝ። የኩላሊት ምርመራም አብሮ። የሊቲየም መጠን የሚለካበት ቦታ ከተገኘ ደሙ የሚቀዳው የመጨረሻው ክኒን ከተወሰደ ከ12 ሰዓት በኋላ ነው።

አደራ፣ ይህን አንብባችሁ ክኒኑን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። በድንገት ሲቆም ሕመሙ ተመልሶ ሊነሳ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብም ሊመጣ ይችላል። መቀነሱን፣ መቀየሩን ሁለቱ ሐኪሞች ተነጋግረው ይወስኑ።

እጁ በኃይል ከተንቀጠቀጠ፣ ምላሱ ከተሳሰረ፣ ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ራሱን ከሳተ ወይም የልብ ምቱ ከዘገየ "ኬሞው ነው" ብላችሁ አትለፉት። ቀጣዩን ክኒን ሳይወስድ በዚያው ሰዓት ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ውሰዱት። ብዙ ካስመለሰው ወይም ካስቀመጠው ደግሞ በዚያው ቀን ይታይ። ፌስታሉ ውስጥ የክኒኑ ካርቶንም ይግባ፤ ካርቶኑ ከሌለ በስልካችሁ ፎቶ አንሱትና ለሐኪሙ አሳዩት።