ጎመን ሲቀቀል መርዙ ይሞታል?

በየዓመቱ ትምህርት ሲጀመር መምህራኖቻችን ስለ አቶም፣ ስለ ቁስ አካልና ስለ ቦንድ ክለሳ ይሰጡናል። ብዙዎቻችን ግን «ይሄንማ ዘጠነኛ ክፍል ጨርሰነዋል» እያልን እንቀራለን። እኔም እንደዛ ከሚሉት አንዱ ነበርኩ። ሀሳቤን ያስቀየረኝ የአቃቂ ጎመን ነው።

እንደሚታወቀው በአቃቂ ቃሊቲ በወንዝ ውሃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይመረታል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማውን ቆሻሻና የፋብሪካ ፍሳሽ፣ የቆዳ ፋብሪካዎችን ጨምሮ፣ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ። በውሃውም በአትክልቱም ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ታዲያ አንድ ቀን አንዲት የሰፈራችን እናት «ልጄ፣ አንተ የኬሚስትሪ ተማሪ አይደለህ? ጎመኑን ደህና አድርጌ ብቀቅለው መርዙ ይሞታል?» ብለው ጠየቁኝ። እኩዌሽን ባላንስ ማድረግ የማያቅተኝ ልጅ መልስ አጣሁ።

መልሱ ግን እዛው የናቅነው ክለሳ ውስጥ ነበር። ጀርም በፈላ ውሃ የሚሞተው የፕሮቲኖቹን ቅርፅ የያዙት ደካማ ቦንዶች ስለሚበጠሱ ነው። ክሮሚየም ግን ኤለመንት ነው። ክሮሚየም ያሰኙት 24 ፕሮቶኖች ያሉት ኒውክለሱ ውስጥ ነው፤ የምድጃ እሳት ደግሞ ኒውክለስ ጋ አይደርስም። ስለዚህ አይሞትም። ጎመኑን ማጠብ ከላይ ያለውን አፈር ያነሳል እንጂ ቅጠሉ ውስጥ የገባውን አያወጣም። የተቀቀለበት ውሃ ሲደፋ ከፊሉ አብሮ ቢሄድ እንኳ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

የቦንድ ነገርም እንዲሁ ነው። ቆዳ ለማልፋት በአብዛኛው የሚያገለግለው ክሮሚየም ሶስት ነው። ከቆዳው ፕሮቲን ጋር ቦንድ ስለሚፈጥር ቆዳው እንዳይበሰብስ ያደርጋል። ያው አቶም ክሮሚየም ስድስት ሆኖ ከአራት ኦክስጅን ጋር ሲተሳሰር ግን ክሮሜት ይሆናል። ክሮሜት በቅርፁ ሰልፌትን ስለሚመስል በቀላሉ ሴል ውስጥ ይገባል፤ ክሮሚየም ስድስት ካንሰር እንደሚያመጣም የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የክሮሚየም ጣሪያ በሊትር 0.05 ሚሊግራም ነው። እንግዲህ «ክሮሚየም ተገኘ» ሲባል «ምን ያህል? ከምን ጋር ተሳስሮ?» ብሎ መጠየቅ ከእኛ ይጠበቃል።

አንዳንድ ጓደኞቼ ክለሳው አሰልቺ ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ትርጉም ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ እኛ እንገለብጣለን፣ ፈተና ላይ እንመልሰዋለን፣ ከዛ እንረሳዋለን። የኔ ሀሳብ ግን ክለሳው ይቅር ሳይሆን ጥያቄው ይቀየር ነው። መምህራኖቻችን «አቶም ምንድን ነው?» ከሚሉን በፊት የእኚህን እናት ጥያቄ ቢሰጡን፣ ማን እንደገባውና ማን እንደሸመደደ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይታወቃል።

ሴትየዋ ጋ ተመልሼ የገባኝን አስረዳኋቸው። «ታዲያ ምን ልብላ?» አሉኝ። እዚህ ላይ እኔ ብቻዬን መልስ የለኝም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። ድስት ውስጥ ያልተቻለው ፋብሪካው በር ላይ ይቻላል፦ ክሮሚየም ስድስትን ወደ ሶስት መልሶ፣ ኖራ ጨምሮ እንዲዘቅጥ ማድረግና ዝቃጩን ከወንዙ ማራቅ። ይሄን ነገ የሚሰራው ዛሬ ክለሳውን ንቆ የሚቀረው ተማሪ ነው። እባካችሁ አንቅር።