«ታይፎይድ አለበት» የሚለው ወረቀት



ባለፈው ዓመት ሆሳዕና ውስጥ አንዲት እናት ከመድረሳው በር ላይ ጠብቀው አንድ የላቦራቶሪ ወረቀት ዘረጉልኝ። «ኡስታዝ፣ ልጄን ይኸ ታይፎይድ አልለቀው አለ። ዘንድሮ ሦስተኛው ነው። እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ። ልጁ ባተኮሰው ቁጥር ተመርምሮ፣ መድኃኒት ወስዶ፣ ከትምህርት ቀርቷል። ሕመሙ ሲብስበት ሌላ ቦታ ወሰዱት፤ ደሙ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የዚያን ጊዜው ሕመም ወባ ሆኖ ተገኘ። ልጁ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ቆላ ወርዶ ዘመድ ጠይቆ ኖሯል። አልሐምዱሊላህ፣ ዳነ። ነገር ግን ወባ በወቅቱ ካልታከመ ይገድላል።

ወረቀቱ ታዲያ ዋሽቶ ነበርን? አልዋሸም፤ የተነበበው ከሚችለው በላይ ነው።

ምርመራው «ዊዳል» ይባላል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናንድ ዊዳል እ.ኤ.አ. በ1896 ያስተዋወቀው ነው። የሚፈልገው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነታችን ባክቴሪያውን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ ነው። ሌባውን ሳይሆን ዱካውን ማየት ማለት ነው። ዱካ ደግሞ ሌባው ከሄደ በኋላም ይቆያል። ቀድሞ የታመመ ወይም የተከተበ ሰው አንቲቦዲው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሊገኝበት ይችላል። ወባና ሌሎች የሳልሞኔላ ዘሮችም ውጤቱን «ፖዘቲቭ» ሊያደርጉት ይችላሉ። በተቃራኒው በሕመሙ የመጀመሪያ ሳምንት አንቲቦዲው ገና ስላልበቃ፣ በሽታው እያለ «ነጌቲቭ» ሊባል ይችላል።

ወረቀቱ ላይ 1:80 ወይም 1:160 የሚለው ቁጥር የደሙ ውሃ ያን ያህል ጊዜ ቀጥኖም አንቲቦዲው መታየቱን ይነግረናል። የአንድ ቀን ቁጥር ብቻውን ግን ፍርድ አይሆንም። ከ10 እስከ 14 ቀን ቆይቶ ሲደገም አራት እጥፍ ከጨመረ፣ ለምሳሌ ከ1:80 ወደ 1:320 ከወጣ፣ ያን ጊዜ ምስክርነቱ ይጠነክራል።

በ2003 ዓ.ም. አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የታይፎይድ ዓይነት ስሜት የነበራቸው 270 ሕሙማን በዊዳልም በደም ካልቸርም ተመርምረው ነበር። ካልቸር ባክቴሪያውን ራሱን አሳድጎ የሚያሳይ ምርመራ ነው። ዊዳል 88ቱን «ፖዘቲቭ» አለ። በካልቸር የታይፎይድ ባክቴሪያ የተገኘባቸው ግን 7 ብቻ ነበሩ፤ ከእነዚህም 5ቱ ከ88ቱ ውስጥ ሲሆኑ፣ 2ቱን ዊዳል ስቷቸዋል። ካልቸርም ሁሉንም አይዝም፤ ቢሆንም ልዩነቱ ሰፊ ነው።

ቁርኣን በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ያስተምረናል። የልጃችን ጤና ከወሬ ሁሉ የበለጠ ማጣራት ይገባዋል። ስለዚህ፦

- ትኩሳት ሲኖር የወባ ምርመራ መደረጉን ጠይቁ፤ ቆላ ወርዳችሁ ከነበረ ተናገሩ።
- ከዚህ በፊት ታይፎይድ ታክማችሁ ወይም ተከትባችሁ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ።
- ካልቸር በሚሠራበት ሆስፒታል፣ ከተቻለ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ደም ይሰጥ።
- ወረቀቱን ይዛችሁ ፋርማሲ በመሄድ በራሳችሁ መድኃኒት አትግዙ። ያለ ቦታው የተወሰደ አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን ያለማምደዋል።

ይህን ስል ታይፎይድን ናቁት ማለቴ አይደለም። ካልታከመ አንጀት እስከ መብሳት ይደርሳል። ሐኪሙ ሕመምተኛውን አይቶ መድኃኒት ካዘዘ ይወሰድ፤ ሳይቋረጥም ይፈጸም። የምንጠጣውን ውሃ ማፍላት፣ ከመጸዳጃ በኋላና ከምግብ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ ደግሞ ከመድኃኒት ሁሉ ይቀድማል። ጦሃራን የሚያውቅ ቤተሰብ ይህ አይከብደውም።

እኚያ እናት ዛሬ ወረቀት ሲሰጣቸው «የወባውስ ታይቷል?» ብለው ይጠይቃሉ። እኛም እንጠይቅ። አላህ (ሱ.ወ.) ዓፊያውን ይስጠን። አሚን!