በባዶ ሆድ መሰልጠን ጀግንነት አይደለም

የሳንጃ ወጣት ሆይ፣ ዛሬ ፖለቲካውን ትተን ስለ ሆድህ እናውራ። አትሳቅ፣ ቁም ነገር ነው።

ሰሞኑን የማለዳ ቴኳንዶ ልምምድ ላይ አንድ ልጅ ዓይናችን እያየ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ግማሾቻችን "በርታ እንጂ፣ ወንድ አይደለህ!" አልነው። ጥላ ስር አስተኝተን፣ ራሱን ሲያውቅ ውሃ ሰጠነው። "ምን በላህ?" ስንለው ዝም አለ። ለካ ከትናንት ምሳ ወዲህ ምንም አልቀመሰም። በራሳችን አፈርኩ።

ይሄ "ወንድ ልጅ አይርበውም" የሚሉት ፉከራ ከየት መጣ? አባቶቻችን በሶና ጭብጦ ሳይሰንቁ ለዘመቻ አይነሱም ነበር። ዘራቸው ከሰሜን የሚመዘዘው እቴጌ ጣይቱ ደግሞ ውሃ ምን እንደሆነ አሳምረው ያውቁ ነበር። በጥር 1888 ዓ.ም. በጥቃት አልበገር ያለው የመቀሌው የጣልያን ምሽግ የተለቀቀው፣ በእሳቸው ዘዴ የውሃ ምንጩ ተይዞበት ነው። መድፍ የያዘን ጦር ያንበረከከ ጥም አንተን ይምርሃል?

እና ምን እናድርግ? እንጀራ በወጥህን ከልምምድ ሁለት ሦስት ሰዓት በፊት በልተህ ጨርስ። በልተህ ወዲያው ብትራገጥ ሆድህን ይቆርጥሃል። የምትሰለጥነው ማለዳ ከሆነ እራትህን ደህና አድርገህ ብላ፤ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ሲቀርህ አንድ ሙዝ ወይም በውሃ የተበጠበጠ በሶ ይበቃሃል። ቅባት የበዛበትን ለኋላ አቆየው፤ ቶሎ አይፈጭም።

የእኛ ቆላ ላብ ያሟጥጣል። ሁለት ሰዓት ሲቀርህ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ጠጣ፣ በመሃልም ተጎንጭ። ሽንትህ ጠቆር ካለ ውሃ አንሶሃል ማለት ነው። ማታ አረቄ ስትገለብጥ፣ ጫት ስትቅም አድረህ ጠዋት ለልምምድ አትምጣ። አረቄው ውሃህን ያስወጣዋል፣ ጫቱም የምግብ ፍላጎትህን ይዘጋዋል። አሰልጣኞችም በጾም ቀን ልምምዱን ከጾም መፍቻ በኋላ አድርጉት፤ በረመዳንም ለሙስሊም ወንድሞቻችን እንዲሁ።

ግን እውነቱን እንነጋገር። ብዙዎቻችን ሳንበላ የምንመጣው ስለሌለን ነው። ዲግሪ ይዘን ከእናታችን ጓዳ የምንበላ ስንቶች ነን? ለእንዲህ ያለው ሰው "ሙዝ ብላ" ብሎ መምከር ፌዝ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የልምምድ ቡድን የጋራ በሶና የውሃ ጀሪካን ይኑረው። ያለው ገብስ ይግዛ፣ የሌለው ውሃ ይቅዳ። ማን ምን አመጣ ተብሎ አይጠየቅ።

ስለ ሕዝባችን አንድነት ቀን ከሌት እንጽፋለን። አጠገባችን ቆሞ የሚራገጠው ልጅ መራቡን ካላወቅን ግን አንድነታችን የፌስቡክ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ነገ ጠዋት ልምምድ ከመጀመራችሁ በፊት ጎናችሁ ያለውን አንድ ነገር ጠይቁት፦ "በልተሃል?" እህቶቻችንንም፦ "በልተሻል?"