«ማርቨል» የሚለው ግሥ ትርጓሜና አገባብ

ልጆቻችን በትምህርት ቤት ከሚያጠኗቸው የእንግሊዝኛ ግሦች አንዱ «ማርቨል» ነው። ይህም ብዙ ጊዜ «አደነቀ» ተብሎ ይተረጐማል። ትርጓሜው ፈጽሞ ሐሰት ነው ባይባልም፥ ጥንቃቄ ካልታከለበት ከታላቅ ስሕተት ላይ የሚጥል ነው።

የቃሉ ሥር ላቲን ሲሆን፥ «ሚራሪ» ማለት መደነቅ ማለት ነው። ኖርማኖች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1066 ዓ.ም. እንግሊዝን ከያዙ በኋላ፥ ብዙ የፈረንሳይኛ ቃላት ወደ እንግሊዝኛ ሲጐርፉ ይህም አብሮ ገባ። ተአምር የሚባለው «ሚራክል»፥ መስተዋት የሚባለው «ሚረር»፥ ማድነቅ የሚባለው «አድማየር» ሁሉም የዚሁ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። በግእዝም «አንከረ» ማለት ተደነቀ ማለት ሲሆን፥ ዘመዱ «ነኪር» እንግዳ ወይም ባዕድ ማለት ነው። እንግዳ ነገር ያየ ሰው ይደነቃልና።

ስለ አገባቡ የተመለከትን እንደ ሆነ፥ «ማርቨል» የተደነቁበትን ነገር የሚያያይዘው «አት» በሚለው መስተዋድድ ነው። «ወንደር» የሚለው ግሥ ግን በ«አት» ሲከተል መደነቅን፥ በ«ኢፍ» ሲከተል «ይሆን ወይ?» ብሎ ራስን መጠየቅን ያመለክታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ይህ ነው፤ «አድማየር» ምስጋና አለበት፤ «ማርቨል» ግን ነገሩ መልካምም ቢሆን ክፉም ቢሆን መገረምን ብቻ ይናገራል። በ1611 ዓ.ም. የታተመው የንጉሥ ጄምስ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ለዚህ ምስክር ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 8 በመቶ አለቃው እምነት፥ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ደግሞ በአገሩ ሰዎች አለማመን መደነቁ የተነገረው በዚሁ በአንድ ግሥ ነው። እንግዲህ አንድ ተማሪ ሁለተኛውን «አለማመናቸውን አደነቀ» ብሎ ቢተረጕም፥ አለማመንን አመሰገነ ማለት ይሆንበታል። «በአለማመናቸው ተደነቀ» ቢል ግን ምሥጢሩን ጠበቀ። በ«አ» እና በ«ተ» መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ፊደል ብትሆንም፥ የምታፈርሰው ትርጓሜ ብዙ ነው።

ስለዚህ ልጅዎን ሲያስጠኑ፥ ይህ ግሥ በመጣ ቍጥር «ሰውየው ነገሩን አመሰገነውን? ወይስ ነገሩ አስገረመው?» ብለው አስቀድመው ይጠይቁት። መልሱን ከራሱ አፍ ያገኘ ልጅ፥ እንግሊዝኛውን ብቻ ሳይሆን አማርኛውንም አጥርቶ ያውቃል።