ዙሪያውን የሚሰማ ድምፅ ለቤት ይጠቅማልን?

በወረታ ከተማና በፎገራ ሜዳ ሩዙ ተወቅቶና ተሽጦ ገንዘብ ከቤት ሲገባ፣ አንዳንዱ ቤተሰብ የሚመክርበት ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ለቴሌቪዥኑ «ሆም ቲያትር» የሚባለውን ባለ ብዙ ሣጥን ድምፅ ማጉያ እንግዛ ወይስ ይቅር የሚለው ነው። ገንዘቡ የዓመት ድካም ዋጋ ስለ ሆነ፣ ነገሩን አስቀድሞ መመርመር ይገባናል።

ሰው ሁለት ጆሮ ስላለው፣ ከቀኝ የመጣ ድምፅ ለቀኙ ጆሮ ጥቂት ቀድሞና በርትቶ ይደርሳል፤ አእምሮም በዚህ ልዩነት ድምፁ ከወዴት እንደ መጣ ያውቃል። በማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው ይህን ሳይማረው ያውቀዋል፤ በቀኝና በግራ የቆሙት መዘምራን ሲቀባበሉ፣ ከበሮውም ከመካከል ሲመታ፣ ዓይኑን ቢጨፍን እንኳ የእያንዳንዱን ስፍራ አይስትም። የሲኒማ ባለሙያዎችም ይህንኑ በአዳራሽ ለማሰማት ደክመዋል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1940 የታየው «ፋንታዥያ» የተባለው ፊልም ከቀደምቶቹ አንዱ ነው።

ዛሬ ለቤት የሚሸጠው የተለመደው ዓይነት ስድስት ሣጥኖች አሉት። ሦስቱ ከፊት ይቀመጣሉ፤ ሁለቱ ከተመልካቹ ቀኝና ግራ ወደ ኋላ ፈቀቅ ይላሉ፤ ስድስተኛው ወፍራሙን ድምፅ ብቻ ያወጣል። ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ከፊት ያለው የመካከለኛው ነው፤ በፊልም የሰው ንግግር በአብዛኛው ከእርሱ ይወጣልና። የቀጭኑ ቴሌቪዥን የራሱ ድምፅ ማጉያ ግን ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜም ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ የዞረ ስለ ሆነ ቃሉ ይደበዝዛል። ጆሮአቸው የደከመ አያት በየዜናው መካከል «ምን አለ?» እያሉ የሚጠይቁት አንድም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ይጠቅማልን ቢሉ፣ ለስድስቱም ሣጥኖች ድምፁ ተለያይቶ ለተቀረጸ ፊልም በእውነት ይጠቅማል። ለቀኝና ለግራ ብቻ የተቀረጸውን ግን መሣሪያው ከፋፍሎ ያሰማዋል እንጂ ያልተቀረጸውን አይፈጥርም። ከዚህም በላይ ቤቱ ራሱ ይፈርዳል። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ባዶ ከሆነ፣ ድምፁ እየነጠረ ቃሉን ያደባልቀዋል። ርብና ጉማራ በሚሞሉበት በክረምት ደግሞ ዝናቡ ኮርኒስ የሌለውን ቆርቆሮ ሲደበድብ ስድስቱም ሣጥኖች አይረቱትም። ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤት ካለም፣ የእኛ ደስታ ለእርሱ እንቅልፍ ማጣት ይሆናል።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። አስቀድሞ ለቤቱ መጋረጃና ምንጣፍ፣ ቢቻልም ኮርኒስ ይደረግለት። ቀጥሎ ሁለት ደኅና ሣጥኖች በቴሌቪዥኑ ቀኝና ግራ፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ትክክል ይቀመጡ፤ ለአብዛኛው ቤት ይህ ይበቃል። ከሱቅ ሲገዛም ሻጩ የተኩስና የነጐድጓድ ድምፅ ብቻ አሰምቶ እንዳያስደንቀን፣ የዜና አንባቢ ቃል እንዲያሰማን እንጠይቀው። ይልቁንም አያትን ይዞ መሄድ መልካም ነው፤ እርሳቸው ቃሉን ለይተው ከሰሙ ሌላው ሁሉ ይሰማል። የተረፈው ገንዘብ ለልጆች ደብተርና ለከርሞ ዘር ይሁን።