የእናቴ በርጩማ

ዘመሮ፣ እናቴ ቤት፣ ምድጃው አጠገብ ከስንዝር ብዙም የማትበልጥ በርጩማ ነበረች። አምስት ልጆች ስታሳድግ እሷ ላይ ተቀምጣ ጋግራለች፣ ፈትላለች። 80 ዓመት ካለፋት በኋላም «ሌላ አይመቸኝም» ትል ነበር። እኔም ነርስ ልጇ ዝም አልኩ። አንድ ማለዳ ከበርጩማዋ ስትነሳ ወደቀችና የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ።

ጉልበት ከዳሌ በላይ ከፍ ብሎ ሲታጠፍ፣ ለመነሳት የጭን ጡንቻ ክፉኛ ይለፋል፤ በስተርጅና የሚሳሳው ደግሞ እሱ ነው። ይህን ለሰው ስንት ጊዜ ነግሬያለሁ መሰላችሁ!

ሰሞኑን ስለ ጆሞ ታሪኩ ሳነብ ይኸው ነገር ትዝ አለኝ። አዲስ አበባ ያደገው ይህ የቤት ዕቃ ዲዛይነር የሚሠራው አሜሪካ ነው። አንዱን ወንበሩን ከደጋ አጋዘን ቀንድ፣ ሌላውን ከካህናት መቋሚያ ተነስቶ ነድፎታል፤ ስሙንም «መቋሚያ» ብሎታል። ማኅሌት ለሚቆሙ አባቶች መደገፊያ የሆነው እንጨት የተቀማጭ ጀርባ ሲደግፍ ማየት ደስ ይላል። እኔ ግን ነርስ ነኝና መጀመሪያ የምጠይቀው ቁመቱን ነው።

እናቴ በምርኩዝ መሄድ ስትጀምር የሰፈራችንን አናጢ ጠራሁት። «የተለመደውን ልሥራ?» አለኝ። «የለም፣ እሷን ለካ» አልኩት። ከተረከዟ እስከ ጉልበቷ መታጠፊያ በክር ለካ። ተጭና የምትነሳበት የክንድ መደገፊያም አስጨመርኩ።

እሷ ግን «የሹም ወንበር!» ብላ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ። በርጩማዋን አሁን የልጅ ልጄ ይዟታል።