ደረቅ ቅጠል በአደራ ለምትቀበሉ መንገደኞች

የጉዞው ዋዜማ ነው። ቤቱ በዘመድ ሞልቷል፤ ሻንጣው ሳሎን ወለል ላይ ተከፍቶ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ እየተመዘነ ይገባል። በዚህ ግርግር መሀል አንድ የሰፈር ሰው ከች ይሉና «ልጄ፣ ይቺን ያዥልኝ፤ ሽፈራው ናት፣ ለወንድሜ ስኳር። እዚያ ስትደርሺ ልጁ መጥቶ ይወስዳታል» ብለው በፌስታል የታሰረ ደረቅ ቅጠል ያቀብላሉ። መንገደኛዋ ሽማግሌን እንዴት እምቢ ትበል? ሳትፈታው ከበርበሬው ሥር ትከተዋለች። ይህን የምጽፈው ለእሷና እንደ እሷ ላሉት ነው።

ያ ቅጠል ጫት ሊሆን ይችላል። ትኩሱን ጫት የማያውቅ የለም፤ ቀላ ያለው ለጋ ቀንበጥ፣ የሚያብረቀርቀው ገጽ፣ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ጠርዝ ያሳብቁበታል። ደርቆ ከተፈረፈረ በኋላ ግን ከሻይ ቅጠል፣ ከሽፈራው ወይም ከሂና መለየት ለለመደ ዓይንም ይቸግራል።

ጫት በዝምድናው የአጣጥ ወገን ነው። ገበሬው እየቆረጠ ስለሚያሳጥረው ቁጥቋጦ ይመስላል እንጂ ቢተዉት ከ10 ሜትር በላይ የሚያድግ ዛፍ ነው። ከሁሉም የሚፈለገው ለጋው ጫፍ ነው፤ ካቲኖን የሚባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር በብዛት የሚገኘው እዚያ ነውና። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ቀስ በቀስ ካቲን ወደሚባል ደከም ያለ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ከአወዳይ የሚነሡት የጫት መኪኖች እንደዚያ የሚከንፉት ቅጠሉ ሳይጠወልግ ገበያ ለመድረስ ነው።

ብዙ ሰው ያሳሳተው ወሬም የመጣው ከዚሁ ነው፤ «ከደረቀ ኃይሉ አልቋል፣ ሕግም አይነካውም» ይባላል። እውነት አይደለም። ቶሎ የደረቀ ቅጠል ካቲኖኑን ይዞ ሊቆይ ይችላል። በአሜሪካ ካቲኖን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ጥብቅ ክልከላ ካለባቸው ዕፆች ጋር ተመድቧል፤ ካቲኖኑ ጠፍቶ ካቲን ብቻ ቢቀር እንኳ እሱም ቁጥጥር ያለበት ነው። ቻይና ጫትን በከለከለቻቸው ዕፆች ዝርዝር ውስጥ አስገብታለች። በእንግሊዝ ትናንት በአውሮፕላን ተጭኖ በግልጽ ይሸጥ የነበረው ጫት፣ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2014 ወዲህ ክልክል ነው፤ የድሮውን የሚያስታውስ ዘመድ «እኛ ጋ ችግር የለም» ቢላችሁ አትመኑት። በእስራኤል ቅጠሉን መቃም አያስቀጣም፤ ይህን ይዞ ሌላውም አገር እንደዚያ የሚመስለው ሰው አለ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን የሳዑዲ ዓረቢያ መንገድ ነው። ጫት እዚያ ክልክል ነው፣ የዕፅ አዘዋዋሪ ተብሎ የሚፈረድበት ሰው ቅጣትም እስከ ሞት ሊደርስ ይችላል። ለቤት ሥራ የምትሄድ፣ ቋንቋውን ገና ያልለመደች ልጅ እዚያ ጉምሩክ ፊት ቆማ ምን ብላ ታስረዳለች?

ቅጠሉን ለማዋረድ አይደለም። በሐረር ሽማግሌ ያለ እሱ ለዱዓ አይቀመጥም፤ በወሎ በወዳጃ ጸሎት ላይ ከቡናውና ከዕጣኑ ጋር ይቀርባል፤ የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል በ14ኛው ክፍለ ዘመን ስሙን ያነሣዋል። የሚያሳስተንም ይኸው ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ በየደጁ ያየነውን ቅጠል ወንጀል ነው ብሎ ማሰብ ይከብደናል። ሻንጣ የሚፈትሸው ሰው ግን ወዳጃ አያውቅም።

ስለዚህ እባካችሁ፣ በገዛ እጃችሁ ያልቋጠራችሁትን ቅጠልም ሆነ ዱቄት አትያዙ። ፌስታሉ የዘመድም ቢሆን ፍቱት፣ አሽትቱት፤ ምንነቱን ካላረጋገጣችሁ መልሱት። ሻንጣው የሚመዘገበው በእናንተ ስም ነው፣ የሚጠየቀውም ባለስሙ ነው፤ «ሰው ሰጥቶኝ ነው» የሚለውን ቃል መርማሪው በየቀኑ ይሰማዋል። አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ የምታርፉበት አገርም ሻንጣችሁን ሊፈትሽ ይችላል፤ መድረሻችሁን ብቻ አትጠይቁ። ላኪው «ስሙን ሳትጠይቂ ስጪው፣ ደውሎ ይመጣል» ካለ ደግሞ ከዚህ በላይ ምልክት አትጠብቁ።

ለሽማግሌው መልስ ካጣችሁ እንዲህ በሏቸው፦ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ራሴ ያልቋጠርኩትን አልይዝም።» ይቀየሙ ይሆናል። ይቀየሙ፤ ስትመለሱ ቡና ይዛችሁ ሄዳችሁ ትታረቃላችሁ።